ባሕሪ፦ በጥቁር ዓባይ ዳርቻ የቆመች የሠራተኞች ከተማ

ባሕሪ ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ ከሚገናኙበት ስፍራ በስተሰሜን ምሥራቅ የተዘረጋች የሱዳን ከተማ ናት። በደቡብ በኩል ጥቁር ዓባይ ከካርቱም ይለያታል፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ ሁለቱ ወንዞች ተቀላቅለው አንድ የሆኑት ናይል ከኦምዱርማን ያዋስናታል። በመንግሥት መዝገብ ካርቱም ባሕሪ ትባላለች፤ ነዋሪው ግን ባሕሪ ብሎ ይጠራታል። ሦስቱ ከተሞች በድልድይ ተያይዘው እንደ አንድ ዋና ከተማ ቢቆጠሩም ጠባያቸው የተለያየ ነው። ካርቱም የቤተ መንግሥትና የመሥሪያ ቤቶች፣ ኦምዱርማን የመሐዲስቶችና የትልቁ ገበያ ከተማ ሆነው ሲታወቁ ባሕሪ ያደገችው በባቡር፣ በመርከብ ጥገናና በፋብሪካ ነው። ስለ ካርቱም የተጻፈው አብዛኛው ታሪክ የገዢዎች ታሪክ ነው። ባሕሪ ግን ዋና ከተማዋን ያበላውና ያጓጓዘው ሠራተኛ የኖረባት ከተማ ናትና ታሪኳ ለብቻው ሊነገር ይገባል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የባሕሪን ኑሮ የሚወስነው ወንዙ ነው። ከጣና ሐይቅ ተነሥቶ 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው ጥቁር ዓባይ ጉዞውን የሚጨርሰው እዚህ ነው። በበጋ ወራት ውኃው ይጎድላል፣ ይጠራል፤ በኢትዮጵያ ደጋ ክረምት ሲገባ ግን መልኩ ይለወጣል፤ በነሐሴና በመስከረም መግቢያ ላይ ደፍርሶ ዳር እስከ ዳር ይሞላል። በባሕሪ በራሷ ላይ የሚጥለው ዝናብ ጥቂት ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ጥቂት ቀን ጥሎ ያባራል። ስለዚህ የዳርቻው ገበሬ ከጥንት ጀምሮ የሚጠብቀው በጎጃምና በወለጋ የሚዘንበውን ዝናብ ነው። ጎርፉ ሲሸሽ ትቶት የሚሄደው እርጥብ መሬት ጀርፍ ይባላል። በዚያ ላይ አትክልት፣ ባቄላና ለከብት የሚሆን መኖ ይዘራል። ከፍ ያለውን እርሻ ደግሞ የሞተር ፓምፕ እስኪመጣ ድረስ ያጠጣው የነበረው ሳቂያ የሚባለው በበሬ የሚዞር የእንጨት መንኮራኩር ነው። ያው ከደጋው የወረደ ደለል ለጡብም ይሆናል፤ በጥቁር ዓባይ ዳር የተደረደሩት የጡብ መተኮሻዎች ለሦስቱም ከተሞች ግንብ ቀይ ጡብ ሲያቀርቡ ኖረዋል።

በዚሁ የወንዙ ዳርቻ ከባሕሪ በፊት ሌላ ታላቅ ከተማ ነበረ። ከዛሬዋ ከተማ በወንዙ ሽቅብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሶባ የክርስቲያኑ የአልዋ መንግሥት መናገሻ ነበረች። አልዋ በ580 አካባቢ በሎንጊኖስ ስብከት ክርስትናን ተቀበለ፤ እንደ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ጳጳሱን የሚያገኘው ከእስክንድርያ መንበር ነበር። ግብፅ ላይ የነበረው ሁኔታ እየከፋ ሲሄድና በረሃው በዘላን ጎሣዎች እጅ ሲወድቅ ይህ ግንኙነት ተበጠሰ፤ የሞቱት ካህናት ተተኪ አጡ። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለዚህ የመጨረሻ ዘመን አሳዛኝ ምስክርነት ትቷል። እሱ በቤተ መንግሥቱ ሳለ ከኑብያ ስድስት ሰዎች መጥተው ዐፄ ልብነ ድንግል ካህናትና መነኮሳት እንዲልኩላቸው ተማጸኑ። ንጉሡ ግን የራሳቸውም ጳጳስ የሚመጣው ከእስክንድርያ በመሆኑ ካህናትን ለሌላ አገር መስጠት እንደማይችሉ ተናግረው መልእክተኞቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሶባ በዚያን ጊዜ ፈርሳ ነበር። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ካርቱም ስትቆረቆር የሶባ ጡብ እየተነቀለ ለአዲሲቱ ከተማ ግንባታ ዋለ፤ ዛሬ በስፍራው የቀረው ጉብታና የተሰባበረ ጡብ ነው።

አልዋን የጣሉት አብደላብ የሚባሉት የዓረብ ሹማምንትና በ1504 የሰናርን ሱልጣንነት የመሠረቱት ፉንጆች ናቸው። ፉንጆች ከሰናር ሆነው ሲገዙ የሰሜኑን ክፍል ለአብደላብ ሼኮች ለቀቁላቸው። እነዚህ ሼኮች መጀመሪያ ከካርቱም በስተሰሜን በምትገኘው ቀሪ ተቀምጠው ነበር፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ግን ወደ ሐልፋያ ወረዱ። ዛሬ የባሕሪ ሰሜናዊ ሰፈር የሆነችው ሐልፋያ የዚያን ጊዜ ትልቅ መንደር ነበረች፤ ሐልፋያት አል-ሙሉክ፣ የነገሥታት ሐልፋያ፣ የሚለውን ስም ያገኘችው ከእነዚህ ሹማምንት ነው። ከሰናር ወደ ሸንዲና ወደ ግብፅ የሚያልፈው የቅፍለት መንገድ በሐልፋያ ያልፍ ነበር። በጎንደር ቤተ መንግሥት ያዕቆብ ተብሎ ይታወቅ የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ በሰናር አድርጎ ወደ አገሩ ሲመለስ በ1772 በዚህች ከተማ በኩል አልፏል። ካርቱም ያኔ አልነበረችም።

ከሐልፋያ ወደ ወንዞቹ መገናኛ ቀረብ ብለው ሁለት ትንንሽ መንደሮች የተመሠረቱት በሃይማኖት ሰዎች ነው። ከሰሜን ኑብያ የወረዱት መሐስ የሚባሉ ሰዎች በቱቲ ደሴትና በዙሪያዋ ሰፍረው ቁርአን ያስተምሩ ነበር። ከእነሱ አንዱ በቱቲ የተወለደውና በ1743 ያረፈው ሼክ ኾጃሊ ነው፤ ሌላው ሼክ ሐመድ ወድ መርየም ነው። መንደሮቻቸው እስከ ዛሬ ሒላት ኾጃሊና ሒላት ሐመድ ተብለው በየመሥራቾቻቸው ስም ይጠራሉ። ስለ እነዚህና ስለ ሌሎች የሱዳን ሼኮች ሕይወት የምናውቀውን አብዛኛውን ነገር የጻፈልን የሐልፋያው ሊቅ መሐመድ አል-ኑር ወድ ደይፈላህ ነው። በ1727 ተወልዶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያረፈው ይህ ሰው ጠበቃት በተባለው መጽሐፉ ሼኮቹ ከማን እንደተማሩ፣ ማንን እንዳስተማሩ፣ ሕዝቡም ስለ ተአምራቸው ምን ይል እንደነበር እያንዳንዱን በየስሙ መዝግቧል። የፉንጅን ዘመን ማኅበራዊ ኑሮ የሚያጠና ሰው ሁሉ ዛሬም ከዚህ መጽሐፍ ይነሣል። የባሕሪ ሰው በኋላ በፋብሪካና በባቡር ቢታወቅም ከሁሉ ቀድሞ የተከበረው በትምህርት ነበር።

በ1821 የግብፁ ገዢ የመሐመድ ዓሊ ጦር ሰናርን ያዘ፤ ከሁለቱ ወንዞች መካከል ባለው ሹል መሬት ላይም የጦር ሰፈር ተተከለ፤ ካርቱም የተወለደችው እንዲህ ነው። ሥልጣን ወደ ማዶ ሲሻገር ሐልፋያ ተዳከመች። በ1822 የተነሣው አመፅ በግፍ ሲደመሰስ ብዙ ነዋሪዎቿ ተሰደዱ፤ ባዶ የቀረውንም መሬት መንግሥት ለሻይቂያ ፈረሰኞቹ ሰጠ። ስልሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ይኸው ሰፈር ለካርቱም ገዢ ለእንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን የሞት ሽረት ቦታ ሆነ። በግብፅ አገዛዝ ላይ ያመፁት የመሐዲ ተከታዮች፣ መሐዲስቶች፣ በመጋቢት 1884 የካርቱምን የቴሌግራፍ ሽቦ የቆረጡት በዚህ በኩል ነው። በዚያው ወር 16 ቀን ጎርደን ሐልፋያ አጠገብ የሰፈሩትን መሐዲስቶች ለማባረር የላከው ጦር ተሸንፎ ተመለሰ፤ ሁለት ፓሻዎችም በክህደት ተከስሰው ተገደሉ። ከቤተ መንግሥቱ ትይዩ በሰሜኑ ዳር የነበረው ምሽግ እስከ መጨረሻው ቢዋጋም ካርቱም ጥር 26 ቀን 1885 ወደቀች። የመሐዲ ተተኪ የሆነው ኸሊፋው ኦምዱርማንን መናገሻ ሲያደርግ ካርቱም ፈረሰች፤ የሰሜኑም ዳር ወደ እርሻና ወደ ሼኮቹ መንደሮች ተመለሰ።

ባሕሪን ከተማ ያደረጋት ባቡር ነው። የእንግሊዝና የግብፅ ጦር ኸሊፋውን ለመውጋት ሲነሣ ፐርሲ ዢሩዋር የተባለ ወጣት ካናዳዊ መኮንን ከዋዲ ሐልፋ ተነሥቶ የኑብያን በረሃ ሰንጥቆ እስከ አቡ ሐመድ የሚደርስ ሐዲድ እንዲዘረጋ ታዘዘ። ብዙዎች አይሳካም ያሉት ሥራ በ1897 ተጀምሮ በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ አቡ ሐመድ ደረሰ። ሐዲዱን የዘረጉት የግብፅ ወታደሮች፣ የሱዳን የቀን ሠራተኞችና እስረኞች ነበሩ። መስከረም 2 ቀን 1898 በካራሪ ሜዳ ላይ መሐዲስቶች በመትረየስ ካለቁ በኋላም ሐዲዱ አልቆመም፤ ወንዙን ተከትሎ ወደ ደቡብ ቀጥሎ በ1899 የመጨረሻ ቀን ከካርቱም ትይዩ በሰሜኑ ዳር ደረሰ። የመጨረሻው ጣቢያ በመጀመሪያ የተጠራው በሐልፋያ ስም ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሉት አሥር ዓመታት ገደማ ወደ ካርቱም የሚገባ ሰውና ዕቃ ሁሉ ባሕሪ ላይ ወርዶ በመርከብ ይሻገር ነበር። አዲሱ ገዢ፣ ሹሞቹ፣ የቤተ መንግሥቱ ብረትና ሲሚንቶ፣ የነጋዴው አቡጀዲድና ስኳር በሰሜኑ ዳር ተራግፎ ነበር ውኃውን የሚሻገረው። ይህ የማራገፍና የመጫን ሥራ ከግብፅ፣ ከዶንጎላ፣ ከሸንዲና ከምዕራብ ሱዳን ብዙ ሠራተኛ ሳበ። የባቡር ሠራተኞች ቤት፣ መጋዘን፣ የጦር ሰፈርና ገበያ በጣቢያው ዙሪያ ተሰበሰቡ፤ አል-ደናግላ የሚባለው ሰፈር እስከ ዛሬ የዶንጎላ ሰዎችን ስም ይዟል። ከ1907 እስከ 1909 በተሠራው የጥቁር ዓባይ ድልድይ ላይ ባቡር፣ ጋሪና እግረኛ አብረው መሻገር ሲጀምሩ ሐዲዱ ወደ ካርቱም ገባ፤ የመስመሩ መሥሪያ ቤትና ትልቁ ጋራዥም አትባራ ላይ ተቋቋመ። በዚህ ጊዜ ባሕሪ መልሳ መንደር መሆን ትችል ነበር። ያዳናት የመርከብ ሥራው ነው።

የሱዳን መንግሥት የእንፋሎት መርከቦች መገጣጠሚያና መጠገኛ በባሕሪ ዳር ተተከለ። መርከቦቹ በእንግሊዝ አገር በክፍል በክፍል ተሠርተው በባሕርና በባቡር ይመጡና እዚህ በመዶሻና በሪቬት ይገጣጠማሉ። በብረት ቀፎ የሚገፉ ጀልባዎች፣ በኋላቸው ባለ መንኮራኩር መርከቦች፣ የጭነት መርከቦች በየዓመቱ ለጥገና ወደ ዳር ይወጣሉ። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሆነ፤ ብየዳ፣ ቀረጻ፣ ማሽን ማንቀሳቀስና የመርከብ አናጢነት የባሕሪ ልጅ መታወቂያ ሆኑ። በ1918 መርከቦቹ በሱዳን ባቡር ሥር ገቡ፤ በ1970ዎቹ ደግሞ ራሱን የቻለ የወንዝ ትራንስፖርት ድርጅት ተቋቋመ። የጎርደን መርከብ የነበረችውና መሐዲስቶች የማረኳት ቦርደይን ቀፎዋ ብዙ ዓመት እዚህ ቆይቶ በኋላ ወደ ኦምዱርማን ተወስዷል።

ይህ የመርከብ ሥራ ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ግንኙነት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ግንቦት 15 ቀን 1902 በተፈራረሙት የድንበር ውል መሠረት ሱዳን በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንድትከፍት ተፈቀደላት፤ ጣቢያውም በጋምቤላ ተቋቋመ። ከካርቱም የሚነሡት መርከቦች ነጭ ዓባይን ሽቅብ ወጥተው፣ ወደ ሶባት ታጥፈው፣ ከዚያም በባሮ ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ባሮ የሚበቃ ውኃ የሚኖረው በክረምት ብቻ ስለሆነ መርከቦቹ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ይመላለሱና በበጋ ይቆማሉ። ከኢሉባቦርና ከወለጋ በበቅሎና በሰው ትከሻ የወረደው ቡና፣ ሰምና ቆዳ በጋምቤላ ተጭኖ ወደ ካርቱም ይወርዳል፤ ጨው፣ ጨርቃ ጨርቅና የብረት ዕቃ ደግሞ ይመለሳል። ጎሬና ደምቢ ዶሎ በዚህ ንግድ ደረጁ። የጋምቤላ መርከብ በበጋ ሲቆም የሚጠገነው በባሕሪ ስለነበር የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና የሚጓጓዝበት ወቅት በባሕሪ ባለሙያ እጅ ላይ የተንጠለጠለ ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም። የጣሊያን ወረራ ንግዱን አናጋው፤ ሱዳን በጥር 1956 ነጻ ከወጣች በኋላም ጋምቤላ ሙሉ በሙሉ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰች።

የቅኝ ዘመኑ መንግሥት በባሕሪ የተከለው ሌላው ተቋም ኮበር እስር ቤት ነው፤ የተሠራው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲሆን ስሙ ከአንድ እንግሊዛዊ ሹም ስም የመጣ ነው። በ1924 የእንግሊዝን አገዛዝ የሚቃወመው የነጭ ባንዲራ ማኅበር መሪ ዓሊ ዓብደል ለጢፍ ታስሮ እዚሁ ገባ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የሱዳን ወታደሮች አመፁ። ከካርቱም ተነሥተው ድልድዩን ተሻግረው በባሕሪ ከሰፈረው የግብፅ መድፈኛ ጦር ጋር ለመቀላቀል ሲገሰግሱ የእንግሊዝ ወታደሮች መንገድ ዘጉባቸው። በዓብደል ፈዲል አልማዝ የሚመሩት በካርቱም የጦር ሆስፒታል ውስጥ እስከ መጨረሻው ተዋግተው ሞቱ። በማዶ የነበሩት ግብፃውያን ግን ሳይነቃነቁ ቀሩ፤ ከዚያም ከሱዳን ተባረሩ። ይህ የብሔርተኞቹ ቁስል በሱዳናውያን ዘንድ ለብዙ ዘመን ሲታወስ ኖሯል።

ኮበር ከነጻነት በኋላም ሥራ አልፈታም። የሱዳን ኮሚኒስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ዓብደል ኻሊቅ መሕጁብ ሐምሌ 28 ቀን 1971 በዚያ ተሰቀለ። የሃይማኖት ተሐድሶ አሳቢው መሕሙድ መሐመድ ጣሃ ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ያወጁትን የመስከረም 1983 የሸሪዓ ሕግ በመቃወሙ ጥር 18 ቀን 1985 በዚሁ ግቢ ሲሰቀል ከሰባ ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው። ሦስት ወር ሳይሞላ ኒሜሪ ከሥልጣን ወረዱ። በ1989 መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳዲቅ አል-መሕዲና የመፈንቅለ መንግሥቱ ረቂቅ አዘጋጅ የነበሩት ሐሰን አል-ቱራቢ አንድ ላይ ኮበር ገቡ፤ የቱራቢ መታሰር ለማስመሰል የተደረገ ነበር። በ2019 ደግሞ ተራው በዚያ መፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ይዞ የነበረው የዑመር አል-በሺር ሆነ። በአንድ አገር ታሪክ ውስጥ ተቃዋሚና ገዢ ይህን ያህል እየተፈራረቁ የገቡበት ግቢ ብዙ አይገኝም።

በእስር ቤቱ አቅራቢያ ያለው ኑሮ ግን የተለየ ነው። በሒላት ኾጃሊ ኸትሚያ የሚባለው የሱፊ ማኅበር (ጠሪቃ) ተከታዮች ማዕከላቸውን አደረጉ፤ የጠሪቃው መሪ ሰይድ ዓሊ አል-ሚርጋኒ በ1968 ሲያርፉ የተቀበሩት በዚያው ነው። በነቢዩ መውሊድና በሼኮቹ መታሰቢያ ቀን መንደሮቹ በከበሮና በዝክር ይሞላሉ፤ እናቶች የታመመ ልጅ ይዘው ወደ መቃብሮቹ ጉልላት ይሄዳሉ። የድሮው ቤት ጃሉስ በሚባል የጭቃ ግድግዳ የተሠራ ነው፤ መሃሉ ሰፊ ግቢ ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወቅት ቤተሰብ ሁሉ ማታ አንገሬብ የሚባለውን በገመድ የተጠለፈ አልጋ ግቢ አውጥቶ ከሰማይ በታች ይተኛል። በየደጁ ለአላፊ አግዳሚ ዚር የሚባል የሸክላ ጋን ውኃ ተሞልቶ ይቀመጣል፤ የሸክላው ላብ ውኃውን ያቀዘቅዘዋል። ጠዋት ሻይ በወተት ከዘላቢያ ጋር ይጠጣል፤ ፉል ደግሞ ረፋድ ላይ ይበላል፤ ለምሳ ኪስራ የሚባል ስስ የማሽላ ቂጣ ሙላህ ከሚባል ወጥ ጋር ይቀርባል። የሠራተኛው ቀን በዚህ ይመራል፤ ከጦርነቱ በፊት በየፋብሪካው በር ሻይ የሚሸጡ ሴቶች በከሰል ላይ ዝንጅብል የገባበት ቡና በጀበና ያፈሉ ነበር። በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት የየሰፈሩ ወንዶች ምንጣፍ መንገድ ላይ ዘርግተው ያገኙትን መንገደኛ ሁሉ እጁን ይዘው ያስቀምጣሉ። ሙሽራውም በሰርገኛ ታጅቦ ወደ ወንዙ ዳር ይወርዳል፤ ይህ ልማድ ከእስልምና በፊት የነበረ የኑብያ ውርስ ሳይሆን አይቀርም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሕሪ የሱዳን ዋና የኢንዱስትሪ ከተማ ሆነች። የጨርቃ ጨርቅ፣ የዘይት፣ የሳሙና፣ የዱቄት፣ የቆዳና የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካዎች በባቡሩ ሐዲድ ግራና ቀኝ ተተከሉ፤ የሱዳን ጥጥና ሰሊጥ እየመጣ ዘይትና ሸማ ሆኖ ይወጣል። በስተሰሜን በሸምባት የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ትምህርት ክፍል ከወንዙ ዳር የአትክልት እርሻ ጋር ተጎራብቶ ተቀመጠ፤ ሸምባት የሦስቱ ከተሞች ሰላጣና ቲማቲም የሚበቅልባት ሆነች። በ1960ዎቹ የተሠራው የሸምባት ድልድይ ባሕሪን በቀጥታ ከኦምዱርማን አገናኘ። ከዚያ በፊት ኦምዱርማን ለመሄድ ጀልባ መያዝ ወይም በካርቱም ዞሮ በ1928 በተሠራው የነጭ ዓባይ ድልድይ መሻገር ግድ ነበር። ሰዓድ ቀሽራ የሚባለው ገበያ በጨርቅና በሙሽራ ዕቃ ስሙ ወጣ። በስተምሥራቅ የሊባኖሳዊው ባለርስት የዓዚዝ ካፉሪ እርሻ የነበረው መሬት ካፉሪ ሆኖ በኋላ የባለሥልጣናትና የሀብታሞች ሰፈር ሆነ።

ከተማዋ ከዚህ በኋላ ያደገችው በመከራ ነው። የ1984 ድርቅና በደቡብ ሱዳን በ1983 እንደገና የተነሣው ጦርነት ቤት ንብረታቸውን ያጡ ሰዎችን ከዳርፉር፣ ከኮርዶፋን፣ ከኑባ ተራሮችና ከደቡብ እያመጣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው የባሕሪ ሰፈር አሰፈራቸው። በ2008 ቆጠራ የባሕሪ ሕዝብ ወደ አንድ ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ሐጅ ዩሱፍ ያለ መብራትና ያለ ቧንቧ የጀመረ ሰፈር ቢሆንም ባህሉን ይዞ መጣ፤ ዓርብ ከሰዓት የኑባ ትግል የሚታይበት አደባባይ ከሁሉም ጎሣ ተመልካች ይሰበስብ ነበር። በእነዚሁ ዓመታት ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የተሰደዱ ብዙ ሰዎች በሦስቱም ከተሞች ተቀመጡ። ሱዳናውያን ሐበሻ የሚሏቸው እነዚህ ስደተኞች በጀበና ቡና ሽያጭ፣ በምግብ ቤት፣ በመካኒክነትና በቤት ሠራተኝነት ኑሯቸውን ገፉ፤ ብዙዎቹም ባሕሪን እንደ መሸጋገሪያ ሳይሆን እንደ ቤት ኖሩባት።

ወንዙ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ውኃ እየሰጠ አልፎ አልፎ ዋጋ ያስከፍላል። በ1946፣ በ1988 እና በ2020 የደረሱት ጎርፎች በነዋሪው ዘንድ እንደ ዘመን መቁጠሪያ ናቸው። በነሐሴ 1988 ከወንዙ መሙላት በፊት በአንድ ሌሊት የወረደው ከባድ ዝናብ የጭቃ ቤቶችን በሺህ እየቆጠረ አፈረሰ፤ በ2020 ደግሞ ናይል በካርቱም መለኪያ ከ17 ሜትር በላይ ወጣ። በጎርፉ ሌሊት ወጣቶች ከረጢት አሸዋ ሞልተው ግድቡን እየዞሩ ይጠብቃሉ፤ ይህን ልማድ ያስተማሯቸው የቱቲ ደሴት ሰዎች ናቸው።

ነሐሴ 20 ቀን 1998 ምሽት ላይ የአሜሪካ ሚሳኤሎች በባሕሪ የሚገኘውን የአል-ሺፋ የመድኃኒት ፋብሪካ አወደሙ። አሜሪካ ያን ያደረገችው በናይሮቢና በዳሬሰላም ኤምባሲዎቿ ላይ ከደረሰው ጥቃት ጋር በማያያዝና ፋብሪካው የኬሚካል ጦር መሣሪያ ንጥረ ነገር ያመርታል በማለት ነበር። ክሱ በማስረጃ ሳይጸና ቀረ፤ ፋብሪካው ግን ለድሃ አገር ሕዝብና ለከብቶቹ መድኃኒት ያመርት የነበረ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ከባሕሪ በስተሰሜን በጄይሊ በቻይና ኩባንያ ትብብር የተሠራው የነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ፤ በ2011 ደቡብ ሱዳን ስትገነጠል ግን አብዛኛው የነዳጅ ዘይት ገቢ ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ከደቡብ ዩኒቨርሲቲዎች የቀሩትን ተማሪዎችና መምህራን ለመሰብሰብ የባሕሪ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ።

በታኅሣሥ 2018 የተነሣው ሕዝባዊ አመፅ በባሕሪ ሰፈሮች ብርቱ ነበር። ሚያዝያ 23 ቀን 2019 ከአትባራ በተቃዋሚዎች የተሞላ ባቡር ባሕሪ ጣቢያ ሲገባ ሕዝቡ በሐዲዱ ላይ ተቀበለው፤ ሠራተኛው በራሱ ባቡር ለራሱ ጉዳይ የመጣበት ቀን ነበር። ከጥቅምት 2021 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ በኅዳር 17 ቀን ብቻ ቢያንስ 15 ሰልፈኞች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ የተገደሉት በባሕሪ ነው።

በሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ሲፈነዳ ባሕሪ ከመጀመሪያው ሰዓት የውጊያ ሜዳ ሆነች። የባሕሪ የውኃ ማጣሪያ በጦርነቱ ጅማሬ ሥራ አቆመ፤ መቶ ሺዎች ወንዝ እያዩ ውኃ ተጠሙ፣ በባልዲ ያልተጣራ ውኃ ለመቅዳት በተኩስ መሃል ወደ ዳር ወረዱ። በሳምንቱ የኮበር እስረኞች ወጡ፤ ገበያው ተቃጠለ፣ ተዘረፈ፤ ፋብሪካዎቹ ማሽናቸው ተነቅሎ ተወሰደ። ኅዳር 11 ቀን 2023 የሸምባት ድልድይ ፈረሰ፤ በ2010 የተከፈተው የሐልፋያ ድልድይም በሐምሌ 2024 ተመታ። ጦሩ በመስከረም 2024 በሐልፋያ በኩል ተሻግሮ በባሕሪ ቤት ለቤት ተዋጋ፤ በጥር 2025 መጨረሻ ተከብቦ ከቆየው የመገናኛ ክፍል ሰፈር ጋር ተገናኘ፤ በማግስቱም የጄይሊ ማጣሪያን ያዘ። ካፉሪ በየካቲት፣ ካርቱም በመጋቢት ከፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ወጡ። በጦርነቱ የተሰደዱት ሐበሾችም በድጋሚ ስደተኛ ሆነው ወደ መተማ፣ ወደ ግብፅና ወደ ደቡብ ሱዳን ተበተኑ።

ከ2025 ጀምሮ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ሰፈራቸው እየተመለሱ ነው። ቤቶቹ በጥይት የተበሱ፣ ሽቦዎቻቸው ከግድግዳ የተነቀሉ ናቸው፤ በዚያው ዓመት የኃይል ጣቢያዎች በድሮን ተመትተው የውኃ አቅርቦት ሲቋረጥ ኮሌራ በካርቱም ግዛት ተስፋፍቶ ነበር። ለባሕሪ ቀዳሚው ሥራ የውኃ ማጣሪያው፣ የኃይል መስመሩና የሸምባት ድልድይ ነው፤ የሱዳን መንግሥትም ሆነ አገር ለመርዳት የሚመጡት ሁሉ ከካርቱም ቤተ መንግሥት አስቀድመው እነዚህን ሦስቱን ሊያስነሡ ይገባል።